ስለ እናታችን ሕመም የጠየቅሽኝ

ጥቅምት 9

ለለፍላፊዋ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ትልቋ ልጄ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች፤ ትንሿ ገና ፊደል ሳትቆጥር የሳሎኑን ግድግዳ ጽፋ ጨርሳዋለች። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። የውሃ ቆጣሪ የሚነበብበት ሰሞን ስለሆነ ከበር በር ስዞር፣ ከውሻ ስሸሽ፣ ውሃ የጠፋው በእኔ ይመስል ከሚሰድበኝ ሰው ጋር ስነታረክ ከረምኩ።

አፍሽ ቆስሎ መናገር እንዳቃተሽ ሳነብ አለቀስኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ይቅር በይኝና፣ ሳቄ መጣ። እናታችን «ይቺን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ዝም የሚያሰኛት ባገኝ» ትል አልነበር? እንዲህ ሆኖ እንዲመጣ ፈልጋ እንዳልነበረ አንቺም ታውቂያለሽ። አስተማሪ ያለ አፍ ምን ይሆናል? እግዜር ይማርሽ።

ስለ እናታችን የጠየቅሽኝን በተመለከተ፤ እኔ የማስታውሰው አንቺም የምታውቂውን ነው። የሞተችው በጨጓራዋ ነው። ሆዷ ያበጠውም ከዚያው የተነሳ ነው ተብሏል። በእናትም በአባትም ወገን ጉበት የታመመ ሰው አላውቅም። ለምታክምሽ ዶክተር ይህንኑ ንገሪያት። ስለ ራሴም ጠይቀሽኛል፤ እኔ እንደ ብረት ነኝ። የእናታችንን የሕክምና ካርድ ላክልኝ ላልሽው፣ ፈልጌ አጣሁት። ቤቱ ቀለም ሲቀባ ብዙ ወረቀት ተጥሏል።

ሌላው፣ ከእንግዲህ ደብዳቤሽን በመሥሪያ ቤቴ አድራሻ ላኪልኝ። ቤት ከመጣ ትንሿ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ትቀደዋለች።

ወንድምሽ

ኅዳር 22

ወንድም ጋሼ፣

ሰላም ላንተና ለቤትህ ሰዎች። ምላሽህ በደረሰኝ ማግሥት ለዶክተሯ አሳየኋት፤ በጣም ተደሰተች። እኔም ቅጹ ላይ «በቤተሰብ የጉበት በሽታ፦ የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። በሳምንቱ መድኃኒቱ ተጀመረልኝ።

በሁለተኛው ደብዳቤህ «ምን የሚሉት መድኃኒት ነው? ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?» ላልከኝ፣ እንደ ተማሪዎቼ አድርጌ ላስረዳህ። ቆዳችን እርስ በርሱ የተያያዘበት ሙጫ የመሰለ ነገር አለው። የእኔ ሰውነት ያንን ሙጫ ጠላት ነው ብሎ አንቲቦዲ ይሠራበታል። አንቲቦዲ ማለት በሽታ ሲገባብን ሰውነታችን የሚያዘጋጀው መከላከያ ነው። እኔ ጋ ግን ዘበኛው የቤቱን ባለቤት መደብደብ ያዘ። ለዚህ ነው አፌ፣ ጉሮሮዬ፣ ጀርባዬ ውሃ እየቋጠረ የሚላጠው።

ይህን አንቲቦዲ የሚሠሩት ከነጭ የደም ሕዋሶች መካከል ቢ ሴል የሚባሉት ናቸው። የሚገርምህ፣ መድኃኒቱም ራሱ አንቲቦዲ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ። በደም ሥር ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፤ ቢ ሴሎቹን እያሳደደ ይለጠፍባቸዋል፤ የተለጠፈበት ሁሉ ይሞታል። «ጥፋተኛውን ብቻ ነው ወይስ ሁሉንም?» ብዬ በወረቀት ጻፍኩላት።

«ሁሉንም ነው። መለየት አይችልም» አለችኝ። «ለዚህ ነው ስለ ቤተሰብሽ አጥብቄ የጠየቅኩሽ። ጉበት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚኖር ቫይረስ አለ። እኛ የምንሠራው ምርመራ የነቃውን ብቻ ነው የሚያሳየን፤ እሱ የለብሽም። የተኛውን የሚያሳየው ምርመራ እዚህ የለም፣ ሌላ ከተማ ተልኮ ሁለት ወር ይፈጃል። አንቺ ደግሞ ሁለት ወር የምትጠብቂበት ቆዳ የለሽም። ቤተሰብሽ ውስጥ ጉበት የታመመ ቢኖር ሳልጠብቅም መከላከያ አስጀምርሽ ነበር።»

አየህ፣ ያንተ ደብዳቤ ሁለት ወር አተረፈልኝ።

መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል ስድስት ወንበር አለው። ከእኔ አጠገብ የምትቀመጠው ሴትዮ የሹራብ ሠራተኛ ናት፤ መርፌው ክንዷ ላይ ተሰክቶም መሥራቷን አታቆምም። የመጀመሪያው ሰዓት ብርድ ብርድ አለኝ፤ ነርሷ ጠብታውን ቀነሰችልኝና ተወኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ወሰድኩ። በቃ፣ ለጊዜው አበቃ።

ሚስትህ ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፈችልኝም። ተቀይማኝ ይሆን?

እህትህ

ጥር 3

ለለፍላፊዬ፣

ሚስቴ አልተቀየመችሽም። የምትሠራበት ስፌት ቤት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ ስለበዛበት እኛንም በቅጡ አታየንም። ሰላም ብላሻለች።

አመጋገቤ እንዴት እንደሆነ ለምን ትጠይቀኛለህ ብለሽ ቀልደሽብኛል። ታላቅ ወንድም አይደለሁ? ምግብ አላስጠላሽም? የዓይንሽ ነጩስ እንዴት ነው? መስታወት ፊት ቆመሽ በቀን ብርሃን እዪው። ያ ወደ ሌላ ከተማ ይላካል ያልሽኝ ምርመራ፣ መድኃኒቱ ከተጀመረም በኋላ ቢሆን ብታስልኪው ምን ይጎዳል? ዶክተሯን ጠይቂያት። እንዲያው ነው፣ ምክንያት ኖሮኝ አይደለም። ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።

ወንድምሽ

የካቲት 18

ወንድም ጋሼ፣

ዳቦ በላሁ! ለስላሳውን አይደለም፣ ቅርፊቱን። ስምንት ወር ሙሉ ሾርባ በማንኪያ ሲያጠጡኝ ኖሬ ትናንት ቅርፊቱን ቁጭ ብዬ ቀረጠፍኩት። አፌ ድኗል። ጀርባዬ ላይ ጠባሳው ብቻ ነው የቀረው።

ደሜን ቆጥረውት ነበር። ከመድኃኒቱ በፊት በአንዲት ነቁጥ ደም ውስጥ ሁለት መቶ አሥር ቢ ሴል ነበረኝ። አሁን ዜሮ። ዶክተሯ «ዜሮ!» ስትል ተማሪዋ መቶ ከመቶ ያመጣላት ትመስል ነበር። ቲ ሴል የሚባሉት ሌሎቹ ተከላካዮች ቁጥራቸው ብዙም አልተነካም፤ ግን ተጋግዘው ስለሚሠሩ እነሱም ባልንጀራቸው ሲጠፋ ይዘናጋሉ አለችኝ። ክትባት እንኳ ቢሰጠኝ አሁን አይዘኝም። ለስድስት ወር፣ ምናልባት ለአንድ ዓመት፣ ጠባቂ እንደሌለው ግቢ ነኝ ማለት ነው። ጉንፋን የያዘው ተማሪ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣል፤ እኔም መስኮቱን ከፍቼ አስተምራለሁ።

ያቺን ምርመራ ለምን አላስላክሽም ላልከኝ፤ ምን ብዬ ልጠይቃት? ንጹሕ ነን ብዬ የፈረምኩት እኔ፣ ተመልሼ «ወንድሜ ሰው ሲያወራ ሰምቶ» ልበላት? ለዓይኔም አታስብ። ነጩም ነጭ ነው፣ ጥቁሩም ጥቁር ነው። ለራስህ እወቅበት፤ ካንዱ ቆጣሪ ወደ ሌላው ስትሮጥ አንድ ቀን ውሻ ይበላሃል።

የምታወራው እህትህ

ሚያዝያ 27

ወንድም ጋሼ፣

ለምን ዝም አልሽ ብለሃል። ሆስፒታል ተኝቼ ነው።

በመጀመሪያ ድካም ነበር። የፈተና ወረቀት አርሜ ሳልጨርስ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ከዚያ የምግብ ሽታ ጠላሁ። ሽንቴ ጠቆረ። አንድ ጠዋት የፊት ረድፍ ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህርት፣ ዓይንሽ ቢጫ ነው» አለችኝ። የወፍ በሽታ መስሎኝ ነበር፤ እኛ ሰፈር በቅጠል የሚድነው።

ዶክተሯ ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ ፊቷን አይቼ አወቅኩት። ያ ተኝቶ የሚኖር የጉበት ቫይረስ ነው። ቢ ሴሎቼ ሲጠፉ የሚጠብቀው አጣና ተነሣ። ጉበቴ አሁን እየነደደ ነው። «ይህ አዲስ አይደለም» አለችኝ። «አንቺ ጋ የኖረው ምናልባት ከልደትሽ ጀምሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ነው የሚተላለፈው።»

ከእናት።

የዚያን ዕለት ላንተ መጻፍ ጀመርኩ። «ወንድም ጋሼ፣ አንተም የእሷ ልጅ ነህ፣ ሳትዘገይ ተመርመር፤ ሚስትህንና ልጆቹንም አስመርምር» እያልኩ ገጹን ሞላሁት። ከዚያ ብዕሬ ቆመ። ያቺ የሹራብ ሠራተኛ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር፤ ቁልፌን ሰጥቻት ያንተን ደብዳቤዎች ከቤት አስመጣሁ። አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ስለ ዓይኔ ነጭ በሦስት ደብዳቤ ጠይቀኸኛል። ስለ ምግብ ፍላጎቴ በአራት። ሰው እህቱን «ቆዳሽ እንዴት ነው» ይላል፣ የታመመችው ቆዳዋን ነውና። አንተ ግን አንድም ቀን ስለ ቆዳዬ አልጠየቅከኝም።

ከዚህ ጋር አራት ጥያቄ የጻፍኩበት ወረቀት አለ። አዎ ወይም አይደለም ብለህ መልስልኝ። ሰላምታ አትጻፍልኝ።

እህትህ

ግንቦት 14

አዎ። እናታችን የሞተችው በጉበቷ ነው። ቫይረሱ ነበረባት።

አዎ። ያኔም አውቅ ነበር። አንቺ ለትምህርት ርቀሽ ሳለ ሐኪሙ ጠርቶ የነገረው እኔን ነው። እናታችን «ለልጅቷ እንዳትነግራት፣ ባል የሚያገባት አታገኝም» አለችኝ። እኔም ማልኩላት። ካርዷ አልተጣለም፤ እዚሁ ከደብዳቤው ጋር አለ።

አዎ። እኔም አለብኝ። ከስድስት ዓመት በፊት በመሥሪያ ቤታችን ደም ልገሳ ነበር፤ ከሰጠሁ በኋላ ተጠራሁ። ነርሷ «አንተ ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልግህም፤ ሚስትህን ግን ይዘሃት ና» አለችኝ። ሚስቴ ያኔ ትንሿን የሁለት ወር እርጉዝ ነበረች።

አይደለም። አልነገርኳትም።

አዎና አይደለም ብቻ ብለሽኛል፤ ግን ይህችን አንዲት ነገር ካልጻፍኩ ልቤ ይፈነዳል። ያ የመስከረሙ ደብዳቤሽ ቤት ሲደርስ ተቀብላ ያመጣችልኝ እሷ ናት። ከፍቼ ሳነበው ልብስ እያጠፈች አጠገቤ ቆማ ነበር። «ምን ትላለች?» አለችኝ። ብነግራት «ለምን ጠየቀች? አንተስ?» ልትል ነው። ከየት አመጣኸው ልትለኝ ነው፤ ከእናቴ ነው ብል ማን ያምነኛል? «የእናታችን ጨጓራ እንዴት ነበር ብላ ነው» አልኳት። ሁለት ሳምንት ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። በመጨረሻም ለእሷ የነገርኳትን ውሸት ላንቺ ጻፍኩልሽ። ምንም አይሆንም፣ ደሟን መርምረው የለ አልኩ። ፈሪ ነኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ በየደብዳቤው እየቀለድኩ እዚህ ደረስኩ።

ይቅር በይኝ አልልሽም።

ወንድምሽ

ግንቦት 29

ይቅር በይኝ አልልሽም ማለትም ይቅርታ መጠየቅ ነው። አልተቀበልኩህም።

የላክኸውን ካርድ ዶክተሯ አየችው። ውጤቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል፤ የጻፈው ሐኪም ማንም እንዳይሳሳት ፈልጎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ወረቀቱን አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው። ቀጥላ ምን አለችኝ መሰለህ? «ይህ ጥቅምት ላይ ቢኖረኝ በቀን አንድ ክኒን እሰጥሽ ነበር።» ክኒኑን አሁን እየዋጥኩት ነው። የሽንብራ ክክ ታህላለች። ያንተ ዝምታና የእኔ ጉበት መሃል የነበረው ይኸው ነው፤ አንዲት ክክ።

እናታችንን ከዚህ አውጣት። ለእሷ የማልክላት ለእኔ ባል ብለህ ነው፤ ባልም አላገኘሁም፣ ሳያስፈልገኝም ኖርኩ። አንተ የዋሸኸው ግን ለእሷ መሐላ አይደለም፤ ለራስህ ነው። ከራስ በላይ ነፋስ። እኔን ንጹሕ ናት ብለህ ያስፈረምክበት እጅ የሚስትህንም ዓይን ሸፍኗል።

ስለ ጤናዬ ባትጠይቀኝም ልንገርህ፦ አልሞትም ይመስላል። ከጉበቴ የቀረው ጤነኛ ክፍል ይበቃኛል ይላሉ። ቆዳዬ ግን ጀርባዬ ላይ እንደገና ውሃ መቋጠር ጀምሯል፤ ያ መድኃኒት ደግሞ አሁን አይሰጠኝም። ከወንበርህ ተነሥተህ ልትጠይቀኝ እንዳትመጣ።

አሁን የምልህን በደንብ አንብብ። ዛሬ ማታ ሳይሆን ነገ ሳይሆን፣ ይህን ወረቀት አጥፈህ ኪስህ ሳትከት፣ ለሚስትህ ንገራት። «ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» የምትለው ነገር አለህ፤ ስድስት ዓመት ቀስ ብለሃል። እሷና ልጆቹ መመርመር አለባቸው። እስከ ሰኔ አሥር ካልነገርካት በስፌት ቤቱ አድራሻ እኔ እጽፍላታለሁ። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ በመሥሪያ ቤትህ አድራሻ እጽፍልህ የነበርኩት ሰው አሁን የለሁም።

እህትህ

ሰኔ 21

እህቴ፣

ሰኔ ዘጠኝ ነገርኳት። የልጆቹን ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካርዱን ስለላክሁልሽ የሚታይ ነገር አልነበረኝም፤ ያንቺን ደብዳቤ ሰጠኋት። አነበበችው። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። «ትንሿን ሳረግዝ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ብትጮህብኝ፣ ብትመታኝ በተሻለኝ። የተኮሰችውን ልብስ አጥፋ ጨረሰች።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ተቆልፎ አገኘሁት። ስፌት ቤቱ ለቃለች አሉኝ። እናቷ ዘንድ ሄድኩ፤ በሩን ሳይከፍቱ መለሱኝ። አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ልጆቼ የት እንዳሉ አላውቅም። ትንሿ የጻፈችበትን ግድግዳ እያየሁ እቀመጣለሁ። አንቺ ታውቂ እንደሆነ፣ ስለ እናታችን ነፍስ ብለሽ ንገሪኝ።

ወንድምሽ

ሐምሌ 8

ወንድም ጋሼ፣

እኔ ጋ ናቸው።

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ከሆስፒታል ወጥቼ ቤቴ ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ሁለት ሻንጣና አንድ የስፌት መኪና። ሚስትህ አድራሻዬን ያገኘችው በእኔው ደብዳቤ ላይ ነው። «የት እንደምሄድ ሳስብ፣ እሱ በእኔ ላይ ያደረገውን ያደረገው በአንቺ ላይ ብቻ ነው» አለችኝ። አንድ ክፍል ነው ያለኝ፤ እሷና ትንሿ አልጋው ላይ፣ እኔና ትልቋ ፍራሹ ላይ እንተኛለን። ጀርባዬ ላይ እጄ ስለማይደርስ ጠዋት ጠዋት ቅባቱን የምትቀባኝ እሷ ናት። ለእጇ ጓንት ታደርጋለች። ጓንቱ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ነው ስላት «እኔማ ምን ቀረኝ» ትላለች።

ውጤቱን ልንገርህ፣ አባታቸው ስለሆንክ ማወቅ አለብህ። ሚስትህ አለባት። ትልቋ ነጻ ናት፤ የመጀመሪያውን ክትባት ወስዳለች፣ ሁለት ይቀራታል። ትንሿ አለባት። ዶክተሯን «የተወለደች ዕለት ብትከተብ ኖሮስ?» ብላ የጠየቀቻት እናቷ ናት። መልሱን አልጽፍልህም። ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልጋትም፤ በየስድስት ወሩ ደሟ ይታያል፣ ዕድሜዋን ሙሉ።

ቢ ሴሌ አሁንም ዜሮ ነው። የጉበቴ ቁጥር እየወረደ ነው። መስከረም ላይ ማስተማር እጀምር ይሆናል፤ አፌ እንደገና ካልቆሰለ።

ልምጣ ወይ ብትለኝ፣ አትምጣ። ይህ የእኔ ቃል ብቻ አይደለም፤ ስጽፍ እሷ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ትሰማኛለች፣ ጮክ ብዬ እያነበብኩላት ነው። የትንሿን የክትባት ካርድና የትልቋን የትምህርት ቤት መልቀቂያ በፖስታ ላክ። ኦርጅናሉን።

ትናንት ትልቋን ለክትባት ይዣት ስሄድ መንገድ ላይ እጄን ለቀቀችና ቆመች። «እትዬ፣ አባዬ ያውቅ ነበር?» አለችኝ። እናቷን ለምን አልጠየቅሻትም አልኳት። «እማዬ ታለቅሳለች» አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሰው በግራ በቀኝ ያልፈናል፣ እሷ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«አዎ፣ ያውቅ ነበር» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና እጄን መልሳ ያዘች። መርፌውን ሲወጓት አላለቀሰችም።

እህትህ